ጠጠር ተራራ የወጣች ቀን

በሰፈራችን ከድንጋይ የተሠራ ነገር ካያችሁ፣ ደረጃም ይሁን የአጥር ግንብ፣ ግማሹ የአንድ ሰው እጅ ሥራ ነው። ሰፈሩ ባለ ቱንቢው ይለዋል። ቱንቢ ግንበኞች ግድግዳ ቀጥ ማለቱን የሚያዩበት፣ በክር ጫፍ የሚንጠለጠል የብረት ፍሬ ነው። እሱ በሥራ ቀን ብቻ ሳይሆን በዕረፍት ቀንም በኪሱ ይዞት ይዞራል። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑ የግድግዳውን ማዕዘን ሲለካ ታገኙታላችሁ። አንድ ጊዜ የዘመድ ሠርግ ላይ ሙሽሮቹን ትቶ የአዳራሹን ምሰሶ ሲያይ ዋለ፤ ባለቤቱም በመጨረሻ «ዛሬ የምንድረው ምሰሶውን ነው እንዴ?» ብላዋለች።

ባለቤቱ ሆስፒታል ውስጥ በልብስ ማጠቢያው ክፍል ትሠራለች። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ስታጥፍ ስለምትውል ቤት ገብታ የልጆቿን ልብስ ስታጥፍ እንኳ ጠርዙ ከጠርዙ ፍጹም ይገጥማል። ልጆቻቸው ሦስት ናቸው። ትልቋ፣ ታናናሾቿ እቴቴ የሚሏት፣ አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ንግግሯ ቀጥተኛ፣ መልሷ ፈጣን። ወንዱ አሥራ ሦስት ሞልቶታል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ትንሽ ከተጣመመ ሳያስተካክል ስለማያልፍ አባቱ በሙያው ዕቃ ስም «ውኃ ልክ» ይለዋል። የመጨረሻዋ ስምንት ዓመቷ ነው። ስትወለድ በጣም ትንሽ ነበረች። አባቷ በሁለት መዳፉ ይዞ «ይቺ ደግሞ ጠጠር ናት» አለ፤ በዚያው ጠጠር ሆና ቀረች።

በዚህ ቤት አንድ ልማድ አለ። ልጅ ሰባት ዓመት የሞላው እንደሆነ አባት ከከተማው ጀርባ ያለው ተራራ ጫፍ ድረስ ይወስደዋል። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ትከሻው ላይ ያቆመውና «አሁን ከተራራውም በላይ ነህ» ይለዋል። ከዚያ ቤታቸውን ይፈልጋሉ፤ ቀጥሎ አባት የሠራቸውን ግንቦች አንድ በአንድ ይቆጥራሉ። ትልቋ ከአሥር ዓመት በፊት ወጥታለች። ወንዱ ከስድስት ዓመት በፊት ወጥቷል። ጠጠር ግን ሰባት ዓመት በሞላት ጊዜ አባቷ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር።

ለልጆቹ ብርድ መታው ተባለ። ሐኪሙ ግን የሳንባውን ፎቶ በመስኮቱ ብርሃን ፊት ይዞ «ይህ ነጭ ነጩ የድንጋይ አቧራ ነው» ብሎት ነበር። «ሠላሳ ዓመት ሲስቡት የኖሩት።»

«ይወጣል?»

«አይወጣም። እንዳይጨመርበት ማድረግ ግን ይቻላል። ከባድ ነገር አያንሱ። ዳገት አይውጡ።»

ከዚያ ወዲህ ቀለል ያለ ሥራ ይመርጣል፤ መዶሻና መሮ ለሌሎች ትቶ ድንጋይ መደርደሩን ብቻ ይሠራል። ይህን ሁሉ የነገረኝ የቤቴን ደረጃ ሊያድስ በመጣ ጊዜ ነው። አንድ ረድፍ ይደረድርና ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ያወራል። ዓመቱን ሙሉ ጠጠር «የኔስ መቼ ነው?» ስትለው እንደኖረች ነገረኝ። ዝናብ ነው ይላታል፤ ፀሐይ ነው ይላታል፤ ሥራ በዝቷል ይላታል። በመጨረሻ ስምንተኛ ዓመቷ ባለፈ በሁለተኛው ወር «ለነሱ ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ስትጠይቀው «ቅዳሜ» አላት።

ቅዳሜ ጠዋት ባለቤቱ ማድቤት እንቁላል እየቀቀለች ነበር። ጠጠር ጫማዋን አድርጋ፣ ክሩን ሁለት ጊዜ አስራ በሩ ላይ ተቀምጣለች። ባለቤቱ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ንገራቸው» አለችው። «እውነቱን ከሰሙ ራሳቸው ይተዉታል።»

«ከወረድን በኋላ እነግራቸዋለሁ።»

«ከወረድን በኋላ?»

«እሷን ላድርሳትና ከዚያ የፈለግሽውን ልሁን።»

«እኔ የምፈልገው ታውቃለህ ምን እንደሆነ። እንድትኖር ነው።»

እንቁላሎቹን ከውኃው አውጥታ፣ የሚስበውን መድኃኒት ከዳቦው ሥር ደብቃ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እሱም እጁን እየታጠበ በልቡ ጸለየ። እንዲፈወስ አልለመነም። «ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ አበድረኝ» ነው ያለው።

አምስቱም ወደ ተራራው በሚወስደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከፊታቸው ሁለት ሽማግሎች፣ ባልና ሚስት፣ ተቀምጠው ነበር። ሰውየው ከዘራ ይዘዋል፤ ሴትየዋ ባርኔጣ አድርገዋል። ጠጠር ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀቻቸው።

«ወደ ላይ» አሉ ሰውየው። «ዘንድሮ ጫፉን ሳላይ አልሞትም ብያለሁ።»

«ካየ በኋላም አይሞትም፤ ገና ብዙ ያስለፋኛል» አሉ ሚስታቸው።

መጨረሻው ፌርማታ ላይ ሁሉም ወረዱ። «እናንተ ቅደሙ» አሉ ሽማግሌው፤ «እኛ ቀስ እያልን እንከተላችኋለን።»

መንገዱ መጀመሪያ በጥድ ዛፎች መሐል ያልፋል። መሬቱ በደረቀ ቅጠል ስለተሸፈነ የእግር ድምፅ አይሰማም። ጠጠር ከፊት ሆነች። አባቷ ለመጀመሪያዎቹ ጥቂት ደቂቃዎች ደህና ሄደ። ቀጥሎ ደረቱ ውስጥ አንድ ሰው ገመድ የሚያጠብቅ ይመስለው ጀመር። ቆመ፤ ልጆቹ ዞረው ሲያዩትም ጎንበስ ብሎ አንድ ድንጋይ አነሳ።

«ይቺን እዩዋት» አለ። «ይህ መስመር ይታያችኋል? በዚህ በኩል ብትመቷት እንደ ዳቦ ለሁለት ትከፈላለች። በዚያ በኩል ቀኑን ሙሉ ብትቀጠቅጧት እጃችሁ ይዝላል እንጂ እሷ ምንም አትሆን።»

ልጆቹ ከበቡት። እሱም እያወራ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከሃምሳ እርምጃ በኋላ ሌላ ድንጋይ አነሳ። ከዚያ ሌላ። ጠጠር ያሳያትን ሁሉ ኪሷ ውስጥ ስትከት ሱሪዋ ወደ ታች ይጎትታት ጀመር። ትልቋ «አባዬ፣ ተራራውን ልንወጣው ነው ወይስ ልንገዛው?» አለች።

«ሳያዩ መግዛት የለም» አላት።

እናታቸው ከኋላ ሆና ትሰማለች። ስንት ጊዜ እንደቆመ እሷ ታውቃለች።

ዛፎቹ አልቀው ሜዳማ ቦታ ላይ ሲወጡ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ግራው ሰፊ ነው፤ ድሮ ድንጋይ ከሚወጣበት ቦታ የጭነት መኪና ይመላለስበት ነበር። የከተማው ግንብ ሁሉ የተሠራው ከዚያ በወጣ ድንጋይ ነው፤ እሱም በወጣትነቱ ሰባት ዓመት ጠርቦበታል። አሁን ተትቷል፤ መንገዱ ሲያልቅ ሃያ ሜትር የሚሆን ቁልቁል ገደል ብቻ ነው ያለው። ቀኙ ጠባብ ነው፤ ወደ ጫፉ የሚወስደው እሱ ነው። መለያያው ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ የድንጋይ ክምር ቆሟል። ከስድስት ዓመት በፊት አልነበረም።

ውኃ ልክ ክምሩን ሲያይ ፊቱን ኮሶ እንደጠጣ አኮማተረው። «ይህን የሠራው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው?»

እውነትም አስቀያሚ ነበር። ሆዱ ያበጠ፣ ወገቡ የተጣመመ፤ አናቱ ላይ ደግሞ አንድ ረጅም ቀጭን ድንጋይ ወደ ቀኝ አጋድሎ ተጋድሟል። ባለ ቱንቢው ዙሪያውን አየው። በዚያ ሰዓት ደክሞት የሚቀመጥበትን ምክንያት ይፈልግ ነበር። ግን ምክንያት ብቻ አልነበረም። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ ማለፍ አይችልም፤ ልጆቹም አይችሉም።

«አፍርሱት» አላቸው፤ ራሱም ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። «በደንብ እንሠራዋለን።»

ግማሽ ሰዓት ሠሩ። እሱ ከተቀመጠበት ያዛል፤ ቱንቢውን በክሩ አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። «ትልቁ ከታች። መሠረቱን አስፉት። ሁለት መጋጠሚያ አንድ መስመር ላይ እንዳይውል፤ ከላዩ ሌላ ድንጋይ ይረፍበት።» ትልቋ ትሸከማለች፣ ውኃ ልክ ይደረድራል፣ ጠጠር በኪሷ የያዘቻቸውን ትናንሽ ድንጋዮች ክፍተቱ ውስጥ ትሰካለች።

«ይህስ ረጅሙ?» አለ ውኃ ልክ።

«ከላይ ምንም ሥራ የለውም። ማሰሪያ አድርገው፤ አግድም መሐል አስገባው።»

ሲጨርሱ አራት ማዕዘን፣ አናቱ እንደ ጠረጴዛ የተስተካከለ ግንብ ቆመ። ሁሉም ዙሪያውን ዞረው አዩት። እናታቸው እንኳ ወጉ አይቀርምና «ቆንጆ ነው» አለች። እንቁላልና ዳቦ በልተው ተነሡ።

ከዚያ በላይ ዳገቱ በረታ። ሣሩ አጠረ፤ ነፋሱ ቀዘቀዘ፤ ከወዲያ በኩል ደመና ቀስ እያለ ይወርድ ጀመር። አባት ድንጋይ ማሳየት ትቷል፤ ለመናገርም ትንፋሽ አልተረፈውም። ልጆቹ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ፣ ይጠብቁታል። ሁለተኛ ክምር አለፉ። ሦስተኛው ጋ ሲደርሱ ጠጠር ቆመች።

«አባዬ» አለች፤ «ይሄም አናቱ ላይ ረጅም ድንጋይ አለው። ያኛውም ነበረው። ሁሉም የሚያጋድሉት ወደምንሄድበት ነው።»

አባቷ ክምሩን አየ። ረጅሙ ድንጋይ እንደ ጣት መንገዱን ይጠቁማል። እሱ ተራራውን እንደ ቤቱ ስለሚያውቀው ምልክት ፈልጎ አያውቅም፤ ያየው ጥመቱን ብቻ ነበር። ወደ ታች ሲመለከት የጥዱን ጫፍ እንኳ ደመናው ሸፍኖታል።

«ሽማግሎቹ» አለች ባለቤቱ።

ሁሉም ገባቸው። ሰውየው ከዘራ ይዘው፣ ሚስታቸው ከጎናቸው፣ በደመና ውስጥ መለያያው ላይ ሲደርሱ የሚያገኙት የሚያምር፣ ምንም የማይናገር ግንብ ነው። ከዚያ ሰፊውን መንገድ ነው የሚይዙት።

«እኔና እማዬ ሮጠን እንወርዳለን» አለ ውኃ ልክ። «አንተ እህቶቼን ይዘህ ውጣ። ትንሽ ነው የቀረው።»

ሐሳቡ ጥሩ ነበር። ከጫፉ የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው የቀራቸው። ዓመቱን ሙሉ የተመኘው ነገር ፊቱ ቆሟል፤ ልጁ ራሱ በሩን ከፍቶለታል። ጠጠር ደግሞ እጁን ይዛ ወደ ላይ ታያለች። አባት አንድ እግሩን አነሳ። አምስት እርምጃ ሄደ፤ ስድስተኛው ላይ ጉልበቱን ይዞ ቆመ። ደረቱ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

«አባዬ?» አለች ትልቋ።

ባለቤቱ ቦርሳዋን ከፈተች። ዳቦውን ወደ ጎን አድርጋ መድኃኒቱን በልጆቹ ፊት አወጣችና ሰጠችው። ሁለት ጊዜ ሳበ። ሲረጋጋ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«ብርድ አልነበረም» አላቸው። «የድንጋይ አቧራ ነው። ሳንባዬ ውስጥ ተቀምጧል፤ አይወጣም። ሐኪሙ ዳገት ከልክሎኛል።»

ትልቋ መድኃኒቱን ከእጁ ወስዳ ገልብጣ አየችው።

«ለዚህ ነው እንዴ ድንጋይ ስታሳየን የዋልከው?» አለች ትልቋ።

«የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው።»

«እሱን አልጠየቅኩህም።»

«አዎ» አላት። «ለዚህ ነው።»

ትልቋ ፊቷን አዞረች። ውኃ ልክ መሬት መሬቱን ያያል። ጠጠር ግን ወደ አባቷ ቀረበችና ትከሻውን በእጇ ነካችው፤ የተሰበረ ነገር እንደምትፈልግ። «እዚህ ጋ ያምሃል?»

«ትከሻዬ ደህና ነው ልጄ። ትንፋሼ ነው ያጠረው።»

ጥቂት አሰበች። «እንግዲያው ሁላችንም እንውረድ። ሌላ ቀን እንወጣለን።»

ይህ ነው የከበደው። ለኔ ሲነግረኝ እዚህ ላይ ሲደርስ የያዘውን ድንጋይ አስቀመጠ። እሺ ቢላት ኖሮ ቀኑ በሰላም ያልፍ ነበር። ሌላ ቀን የሚባለው ግን ለሱ እንደሌለ ያውቃል፤ በዚያ ጠዋት ስንት ነገር እንደደበቀም ያውቃል። ሌላ መጨመር አልፈለገም።

«ሌላ ቀን እኔ አልወጣም» አላት። «አንቺ ግን ዛሬ መድረስ ትችያለሽ። ከዚህ በላይ መንገዱ አንድ ነው፤ ገደል የለውም፤ ምልክቶቹን እያያችሁ መሄድ ነው። እማዬና እቴቴ ይውሰዱሽ። እኔ ያፈረስኩትን ልሠራ እወርዳለሁ።»

«ያለ አንተ?»

«ያለ እኔ።»

ጠጠር ከንፈሯን ነከሰች፤ አላለቀሰችም። እናቷ እጇን ያዘች። ትልቋ ጥቂት እርምጃ ከሄደች በኋላ ተመልሳ የራሷን ሹራብ አውልቃ አባቷ አንገት ላይ ጠመጠመችውና ተከተለቻቸው። ደመናው አንድ በአንድ ወሰዳቸው።

አባትና ልጅ ቁልቁለቱን ያዙ። ቁልቁለት ለሱ ይቀለዋል። ውኃ ልክ ከፊት ከፊት ይሄዳል፤ በየጥቂት እርምጃው ዞሮ ያየዋል። ብዙ ከሄዱ በኋላ «እኔም ግንበኛ እሆናለሁ ብዬ ነበር» አለ።

«ሁን። ግን ድንጋዩን አርጥበህ፣ አፍህን ሸፍነህ ጥረብ። ይህን ለኔ የነገረኝ አንድ ሽማግሌ ጠራቢ ነበር። አፌን ስሸፍን ጓደኞቼ ‹ሙሽሪት› እያሉ ሳቁብኝ፤ ጨርቁን ጣልኩት። ይኸው ነው። ሌላ ታሪክ የለውም።»

መለያያው ላይ ሲደርሱ ሽማግሎቹ ግንቡ አጠገብ ቆመው አገኟቸው። ባለ ቱንቢው እነሱን ሲያይ «ተመስገን» አለ።

«ደህና መጣችሁ» አሉ ሽማግሌው። «ከሚስቴ ጋር እየተከራከርን ነው። ሰዎች ‹መንገዱን ድንጋዩ ይነግራችኋል› ብለውን ነበር። ይህ ግን እንደምታየው ሥራው ያማረ ነው፤ ብቻ አፍ የለውም።»

«ግራውን ልይዝ እግሬን አንስቼ ነበር» አሉ ሚስታቸው። «ሰፊ ነዋ።»

«አባባ፣ ያፈረስኩት እኔ ነኝ» አላቸው። «ጠሞ ስላየሁት አቃናሁት። ይቅር በሉኝ።»

ሽማግሌው በከዘራቸው ግንቡን ነካ ነካ አደረጉት። «ይህን የመሰለ ሠርተህ አፈረስኩ ትላለህ? አይዞህ ልጄ። እኔም አርባ ዓመት ሳስተምር ስንቱን ቀጥ ያለ ነገር ያለ ቦታው ተናግሬአለሁ።»

ውኃ ልክ ግንቡን እስከ መሐሉ አፈረሰና ረጅሙን ድንጋይ ጎትቶ አወጣው። አናቱ ላይ ወደ ቀኝ አጋድሞ ሲያስቀምጠው እጁ ሊያቃናው ይታገለው ነበር። አባቱ አየውና «ተወው» አለው። «እንዲህ ነው የሚቆመው።» ሽማግሎቹ መረቋቸውና ደመናው እስኪነሣ አብረዋቸው ተቀመጡ።

አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ባለ ቱንቢው ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። በዚያ ሰዓት ውስጥ ለእግዚአብሔር ያለው ነገር ቢኖር «እግራቸውን ጠብቅ» የሚል ብቻ ነው። ቀስ በቀስ በነጩ ውስጥ ሦስት ጥላ ታየ፤ ከመሐላቸው ትንሿ እጆቿን አስለቅቃ ሮጠች።

መጥታ ፊቱ ቆመች። ፀጉሯ ላይ ጤዛ ተደርድሯል። አልተጠመጠመችበትም።

«ደረሳችሁ?»

«ደረስን። እቴቴ ተሸከመችኝ። ትከሻዋ ጠባብ ነው፤ እንዳልወድቅ ጆሮዋን ነው የያዝኩት።»

«ጆሮዬን ነቅላ ነው የመጣችው» አለች ትልቋ ከኋላ።

«ቤታችንን አያችሁት?»

«ምንም አይታይም። ሁሉም ነጭ ነው።» ቀና ብላ አየችው። «ግን ጮክ ብዬ ጠራሁህ። ሦስት ጊዜ። ሰማኸኝ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን ያያሉ። ውኃ ልክ ለአባቱ አዎ በላት እንደማለት ራሱን ነቀነቀ። አዎ ማለት ቀላል ነበር፤ ልጅቷም ደስ ይላት ነበር።

«አልሰማሁሽም» አላት። «ጆሮዬን አቁሜ ነበር፤ ግን አልሰማሁም። ሩቅ ነው።»

ጠጠር ይህን መዘነችው። ፊቷ ላይ ቅሬታ መጥቶ ሄደ። ከዚያ ጎኑ ያለው ድንጋይ ላይ ወጥታ ከሱ ጋር ትክክል ሆነች፤ አፏንም ወደ ጆሮው አስጠጋች።

«እንግዲያው አሁን ልንገርህ። ‹አባዬ፣ ደርሻለሁ› ነው ያልኩት።»

አባቷ እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አላት። «አሁን ሰማሁሽ።»

ደመናው ሲነሣ ሽማግሎቹ ቀኙን ይዘው ወጡ። እነሱ ደግሞ አምስቱም አብረው ወደ ፌርማታው ወረዱ፤ በመንገድም ልጆቹ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ፎቶው፣ ስለ መድኃኒቱ ሁሉንም ጠየቁት፤ እሱም ሁሉንም መለሰላቸው።